ምሳ የት እንብላ? ከኦርላንዶ እስከ ደብረ ብርሃን

ልጅ ይዞ ለሽርሽር የወጣ ሰው ቀኑን የሚያበላሽበት ሙቀቱ ወይም ሰልፉ ይመስለዋል። እኔ አሜሪካም አገር ቤትም የታዘብኩት ግን ቀን የሚበላሸው ምሳ ላይ መሆኑን ነው። አዋቂ ሲርበው ይናገራል፣ ጥቂት መታገስም ይችላል። የአምስት ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ ራበኝ አይልም። ጫማዬ ጠበበኝ ይላል፣ ወንድሙን ይገፈትራል፣ ያለ ምክንያት ያለቅሳል። ምግብ ቤት ፍለጋ የተጀመረው ያን ጊዜ ከሆነ ረፍዷል። ልጁ በዚያ ላይ ምግብ መራጭ ከሆነማ የቀረበለትን ሁሉ ይገፋል፣ ወላጅ ላልተበላ ምግብ ይከፍላል፣ ሁሉም ተኮራርፎ ይወጣል።

እኛ ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ትምህርት ሲዘጋ መኪና ሞልተን ወደ ፍሎሪዳ መውረድ ለምደናል። ኦርላንዶ አጠገብ ያለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተ ሲሆን ዛሬ አራት ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች አሉት። እኔን እዚያ ከመጫወቻዎቹ ይበልጥ የሚገርመኝ የምግቡ አደረጃጀት ነው። ተቀምጠው የሚስተናገዱባቸውን ምግብ ቤቶች ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ማስያዝ ይቻላል። በመስኮት ታዞ በሚወሰድባቸው ቤቶች ደግሞ ገና የመጫወቻው ሰልፍ ላይ እያሉ በስልክ መተግበሪያ ማዘዝና ምግቡ ሲደርስ ሄዶ መቀበል ነው። ከ3 እስከ 9 ዓመት ያለ ልጅ የራሱ ሜኑና የራሱ ዋጋ አለው፤ 10 ዓመት ከሞላው እንደ አዋቂ ይቆጠራል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ቡፌ ላይ አይከፈልበትም። በረዶ የገባበት ውሃ በኩባያ ከመስኮቱ በነጻ ይሰጣል። ለውዝ ወይም ወተት የማይስማማው ልጅ ካለ አስቀድሞ መናገር ነው፤ ከወጥ ቤቱ ሰው ጋር ያነጋግሩዎታል።

ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት ደግሞ ምግብ ይዞ መግባት መፈቀዱን ነው። ጠርሙስና አልኮል አይሁን እንጂ ከቤት የተሠራ ነገር በቦርሳ ይዞ መግባት ይቻላል። አንዲት የአገሬ ልጅ እናት ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ክዳን ባለው ሣህን ያመጣችውን የእንጀራ ፍርፍር ለሁለት ልጆቿ በየተራ ስታጎርስ አይቻለሁ። ገና አራት ሰዓት ተኩል ነበር፣ በእኛ አቆጣጠር። ሌላው ቤተሰብ ሁሉ ሰልፍ ላይ ሳለ እሷ ልጆቿን አጥግባ፣ አፋቸውን ጠርጋ፣ ቆሎ በኪሳቸው ጨምራ ተነሣች። አጠገቧ የነበሩት ፈረንጆች ዞር ብለው አዩ፤ እሷ ግን ልብም አላለቻቸው። በዚያ ፓርክ ውስጥ ያየሁት የተሻለው ምሳ ያ ነበር እላለሁ፣ ከልቤ።

ሰዓቱ ዋናው ነገር ነውና ትንሽ ልቆይበት። ከቀኑ ስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሁሉም ሰው ይርበዋል፣ ጠረጴዛ ይጠፋል፣ ጩኸቱ ራሱ ልጅን ያደክማል። ከአምስት ሰዓት ተኩል በፊት የበላ ቤተሰብ ቀኑን አተረፈ። ልጁ ገና ሳይናደድ፣ ሆዱ ገና ሳይዘጋ፣ ምግቡ ፊቱ ይደርሳል። ፓርኩን የሠሩት ሰዎች ይህን አውቀውታል፤ ከልጅ ረሃብ በፊት ቀድመው ለመድረስ የሚያስችል መንገድ አበጅተዋል። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል።

የማልወድላቸው ነገር ግን አለ፤ እሱም የልጆች ሜኑ የሚባለው ነው። በብዙ ቤት ተመሳሳይ ነው፤ የተጠበሰ የዶሮ ቁራሽ፣ ማካሮኒ በአይብ፣ ፒዛ፣ ችብስ። ከአራቱ ፓርኮች አንዱ በሆነው ኤፕኮት የ11 አገሮች ሰፈር በሐይቅ ዙሪያ ተሠርቷል፤ ሜክሲኮ፣ ቻይና፣ ጃፓን፣ ጣሊያን እያለ ይሄዳል። ከአፍሪካ ያለችው ሞሮኮ ብቻ ናት። አባት ሞሮኮ ገብቶ ቅመሙን ይቀምሳል፣ እናት ጃፓን ገብታ ሩዙን ትበላለች፣ ልጁ ግን ሐይቁን ሙሉ ዞሮ ብዙ ጊዜ ያችኑ ዶሮና ችብስ በልቶ ይወጣል። የሚበላውን ወላጁ አይቀምስለትም፣ ወላጁ የሚበላውንም እሱ አያየውም። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ለየብቻ ይበላሉ። መራጭ ልጅ ሲሆን ምርጫ መስጠት ጥሩ ነው ይባላል፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ግን ምርጫ አይደለም።

ከዚያ ይልቅ ቡፌ ያለበትን ቤት እመርጣለሁ። አኒማል ኪንግደም ሎጅ በሚባለው ሆቴል ውስጥ ቦማ የሚባል ቡፌ አለ፤ የአፍሪካ ጣዕም ያላቸው ምግቦችና ልጆች የሚያውቋቸው ምግቦች ጎን ለጎን ይቀርባሉ። ከፓርኩ ውጭ ስለሆነና ቁርስና እራት ብቻ ስለሚያቀርብ ለምሳ አይሆንም፤ ለማታ ግን ይሆናል። ልጁ ምግቡን በዓይኑ አይቶ፣ የሚያውቀውን አንድ ነገር ከያዘ በኋላ የማያውቀውን ጠጋ ብሎ ያሸታል። ማሽተቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የልጆች አመጋገብ ላይ የተሠሩ ጥናቶች አንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪቀበል ድረስ ከ8 እስከ 15 ጊዜ ሊቀርብለት እንደሚያስፈልግ ይናገራሉ። አንዴ «እንቢ» ስላለ ትተነው የምንሄድ ወላጆች ብዙ ነን።

አሁን ወደ ሰሜን ሸዋ ልምጣ።

የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በፈረንጆች ገና ሰሞን ይዘጋሉ። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ልጆቻችንን ይዘን ወደ አገር ቤት የምንሄደው ያኔ ነበር። ያ ሰሞን ደግሞ እንዳለ ጾመ ነቢያት ላይ ይወድቃል፤ ጾሙ ኅዳር 15 ቀን ገብቶ ገና ድረስ ነውና። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ የታኅሣሥ ውርጭም አጥንት ይገባል። ልጆቹ ከመኪና የሚወርዱት በርዷቸውም፣ ርቧቸውም ነው። ገብተን ስንቀመጥ አስተናጋጇ መጥታ «ምን ልታዘዝ?» ትላለች። እንቁላል የለም። ወተት የለም። ቅቤ የለም። ያለው ሽሮ፣ ተጋቢኖ፣ በያይነቱ፣ ፓስታ በአትክልት ነው።

ከአሜሪካ ለመጣ መራጭ ልጅ ይህ የሚያስጨንቅ ይመስላል። ያየሁት ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን እዚያው ደብረ ብርሃን ታላቅ እህቴ አብራን ሆና ለሁላችን በአንድ ትሪ በያይነቱ አዘዝን። መሐሉ ላይ ቀይ ምስር ወጥ፣ ዙሪያውን አልጫ ክክ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን ከድንችና ከካሮት ጋር፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር። ትንሹ ልጄ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ አየው። ቆየና ከጥቅል ጎመኑ መሐል አንዲት የድንች ቁራጭ በሁለት ጣቱ ለቀም አደረገ። ሌላ ድንች ፈለገ። ድንቹ ሲያልቅ ካሮቱን ጀመረ። ታላቋ ቀይ ሥሩን ይዛ ጣቷ ሁሉ ወይን ጠጅ መሰለ። ለማንኛቸውም ይህን ብሉ፣ ያን ተዉ አላልናቸውም።

ከዚያ እህቴ በእንጀራ ምስር ጠቅልላ ለትንሹ አነሣች። «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ፣ የእኔ ጌታ» አለችው። ፊቱን አዞረ። ደግማ «እትዬን አትወዳትም?» ስትለው ጭራሽ ከንፈሩን ገጠመ። እሷም ደንግጣ ወደ እኔ ዞራ «ልጁን አሞታል እንዴ?» አለች። አልታመመም፣ እትዬ፣ በርበሬ አልለመደም እንጂ፣ አልኳት። ትንሽ ቆይታ ጉርሻውን በአልጫ ክክ ብቻ ነክራ፣ ያውም ግማሽ አድርጋ አቀረበችለት። ወሰደው። «እሰይ! እደግ!» አለችው፣ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ፣ እሱም ሁለተኛውን ጠበቀ።

በያይነቱ ለመራጭ ልጅ ከቡፌም የሚበልጥ ይመስለኛል። እያንዳንዱ ወጥ ለብቻው ተቀምጧል፣ አይደባለቅም፣ ሁሉም ፊት ለፊት ይታያል። ልጁ የማይፈልገው ምስርም ቢሆን እዚያው አለ፤ ነገም ይኖራል፣ ከነገ ወዲያም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ የሚበላው ወላጁና አክስቱ ከሚበሉት ከራሱ ነው። ለእሱ ብቻ የተጻፈ ወረቀት የለም።

ስለ ጉርሻ ግን አንድ ነገር ልናገር፣ እህቶቼና እናቶቼ ይቅር ይበሉኝ። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ለመንገደኛ ልጅ ከዘመድ እጅ የመጀመሪያውን ምግብ መብላት የማይረሳ ነገር ነው። በ«በሞቴ» ማስጨነቁ ግን የደከመውን ልጅ አፉን ያስዘጋዋል። ኤሊን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ለረጅም ዘመን የምታስተምረው ነገር አለ። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ መብላት አለመብላቱንና ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ልጁ ነው ትላለች። የእህቴ ሁለተኛዋ ጉርሻ፣ ግማሿ፣ ልክ ይህችን ሥርዓት የጠበቀች ነበረች።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ቤተ መንግሥታቸው የነበረበትን ኮረብታ ልጆች በእግራቸው ይወጡታል፤ ለእነሱ ከየትኛውም መጫወቻ አያንስም። መንገድ ላይ ግን ልጅ የሚበላውን የሚሸጥ ብዙ የለም። አያት ማለዳ ተነሥተው ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ሻይ በፔርሙዝ የሚያስይዙት ለዚህ ነው። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ያላችሁ ቆሎውን አስቀድማችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ ለውዝ ይደባለቅበታልና፣ አያትም ይህን እንዲያውቁ ካልተነገራቸው አይገምቱም። በደሴው መንገድ በኩል ከሄዳችሁ ደግሞ ጣርማ በር ላይ ዋሻውን አልፋችሁ ደብረ ሲና ስትወርዱ አየሩ ይለወጣል። ወደ ሸዋ ሮቢት ስትጠጉ ፍራፍሬ አለ፤ በኢፋት በኩል በሙስሊም ወንድሞቻችን ቤቶችም በጾሙ ቀን እንቁላልና ሩዝ በሥጋ አይጠፋም። ዋሻውን የፈለፈለው ጣሊያን ነው፤ በየከተማው ሆቴል የማይጠፋው ፓስታም ከእሱ የመጣ ነው፣ ልጅ ላለው መንገደኛም እስከ ዛሬ መዳኛ ሆኗል።

የአገር ቤቱን ጉድለትም መሸፋፈን አልፈልግም። ቤተሰብ ለልጅ ይጨነቃል፤ ምግብ ቤቶቻችን ግን ልጅ መኖሩን የሚያውቁ አይመስሉም። የልጅ ወንበር የለም። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ለአዋቂ ቁመት ነው። ምግቡ የሚወጣው ሁሉም ነገር ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በአንድ ላይ ነው፤ እስከዚያ አርባ ደቂቃ ቢሆን ልጁ እንደራበው ይጠብቃል። በአንድ ሆቴል ለልጁ ግማሽ ፓስታ ብንጠይቅ «ግማሽ አንሸጥም» ተባልን፤ ሙሉው መጣ፣ ሦስት አራተኛው ተመለሰ። ገንዘቡ አልቆጨኝም፣ ምግቡ መደፋቱ ነው የቆጨኝ፣ በዚያ አገር።

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በአንኮበር ምግብ ቤት ላላቸው ወገኖች የምለምነው ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አይደለም። ልጅ የያዘ ቤተሰብ ሲገባ አስተናጋጇ ትእዛዝ ከመቀበሏ በፊት አንድ ትኩስ ዳቦ ታቅርብ፤ ዳቦ በጾሙም በፍስኩም አለ። ከየወጡ ጥቂት ጥቂት የሚቀመጥበት አንድ ትንሽ ሣህን በግማሽ ዋጋ ይኑር። ከልጁ ቁመት ጋር የሚስማማ አንድ በርጩማ ከመታጠቢያው ሥር ይቀመጥ። ወጥ ቤት ያሉት እናቶችም ቀይ ወጥ የነካውን ጭልፋ አልጫው ውስጥ አይክተቱ።