ማንበብ የሚወድን ልጅ ለምን ትከፍሉታላችሁ?

ሰሞኑን አንድ ትምህርት ቤት ለወላጆች የላከው ደብዳቤ እጄ ገባ። ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ተማሪዎች ላነበቡት እያንዳንዱ መጽሐፍ ነጥብ ያገኛሉ ይላል። ነጥቡ ክፍል ውስጥ በሚሰቀል ሰሌዳ ላይ ከየስማቸው ትይዩ ይጻፋል። መቶ የሞላለት ይሸለማል። ዓላማው «የንባብ ፍቅርን ማስረጽ» ነው ተብሏል። ደግሜ ባነበብኩት ቁጥር ንዴቴ ባሰ።

ቅር ያላቸው ወላጆች ነበሩ። የተሰጣቸው መልስ ግን «እኛ ትልልቆቹስ ያለ ደመወዝ እንሠራለን እንዴ?» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ክርክር ከአስተማሪ አፍ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ደመወዝ የሚከፈለን ሌላ ሰው የሚፈልገውን ሥራ ስለምንሠራለት ነው። ጊዜያችንንና ጉልበታችንን ወስዷልና ይክፈል። የስምንት ዓመት ልጅ ተረት ሲያነብ ለማን እየሠራ ነው? ለርዕሰ መምህሩ? ጉድጓድ የገባችው ቀበሮ ትወጣ እንደሆነ ለማወቅ ጓጉቶ እኮ ነው ገጹን የሚገልጠው። እሺ፣ ያንኑ ደሞዝተኛ ከሥራ ሲወጣ ተከተሉት። ቤቱ ገብቶ ክራር ይመታል፣ ቼዝ ይጫወታል፣ አትክልቱን ይኮተኩታል። ማን ከፈለው?

እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋለ ሕፃናት ውስጥ አንድ ሙከራ አደረጉ። መጀመሪያ ማንም ሳያዛቸው ማርከር አንስተው መሳል የሚወዱ ልጆችን ለዩ። ከዚያ ለሦስት ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን የወርቅማ ማኅተምና ሪባን ያለበት የምስክር ወረቀት አሳዩና «ከሳላችሁ ይህን ታገኛላችሁ» አሏቸው። ሁለተኛው ቡድን ምንም ሳይነገረው ሳለ፤ ሲጨርስ ያንኑ ወረቀት ሳያስበው ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አላገኘም።

ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ማርከሩ እንደ ድሮው ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። አሁን ሽልማት የለም፤ ሳሉ የሚልም የለም። አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው ልጆች በማርከሩ ላይ ያጠፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ለሽልማቱ ብለው የሳሉት ሥዕል ራሱ በጥራት ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። እነዚህ እኮ መሳል ይወዳሉ ተብለው የተመረጡ ልጆች ናቸው!

ሁለተኛውን ቡድን ደግሞ ልብ በሉ። ወረቀቱን እነሱም ወስደዋል፤ ፍላጎታቸው ግን አልቀነሰም። ስለዚህ ልጆቹን ያቀዘቀዛቸው ወረቀቱ አይደለም። ቀድሞ የተገባው ውል ነው። በፊት ለምን ትስላለህ ቢባል ደስ ስለሚለኝ የሚል ልጅ፣ ከውሉ በኋላ ስለሚሰጡኝ ማለት ይጀምራል። ሰጪው የሄደ ቀን የሚስልበት ምክንያት አብሮ ይሄዳል። ትምህርት ቤቱ አሁን ከልጆቹ ጋር የሚገባው ይህንኑ ውል ነው፤ ያውም በሰሌዳ ላይ ጽፎ።

በነጥብ የሚያነብን ልጅ አጠገቡ ተቀምጣችሁ እዩት። መደርደሪያው ጋ ሄዶ የመጽሐፎቹን ውፍረት በጣቱ ይለካል፤ ቀጭኗን ይመዛል። ገና ሳይጀምር የመጨረሻውን ገጽ ቁጥር ያያል። ሥዕል የሞላው ገጽ ሲያገኝ ፊቱ ይፈካል፤ ሥዕሉ ገርሞት ሳይሆን የሚነበበው ስላነሰለት። ዘግቶ ሲነሳ «ይሄ ስንት ያስገኛል?» ይላል። ታሪኩ ስለምንድን ነው ብትሉት ግራ ይገባዋል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ቁጥር ጠየቃችሁት፣ ቁጥር አመጣላችሁ።

«የማያነቡትን ያስጀምራቸዋል» የሚሉም አሉ። አንድ ልጅ ጨርሶ የማይወደው አሰልቺ ነገር ከሆነ፣ እሺ፣ የሚጠፋ ፍቅር ስለሌለ ጉዳቱ ያንሳል። ሰሌዳው ግን የሚሰቀለው ለሁሉም ነው። በእረፍት ሰዓት ጥግ ይዛ የምታነበው ልጅም ስሟ እዚያው ተጽፏል። እሷን ምን አድርጉ ተብሎ ነው ውል የምታስፈርሟት? ደግሞስ ክፍያ ሁሉን ያስጀምራል ያለው ማን ነው? ኢኮኖሚስቱ ሮላንድ ፍራየር በኒውዮርክና በቺካጎ ተማሪዎች ለውጤታቸው ገንዘብ እንዲከፈላቸው አድርጎ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ጥናት እንደተገለጸው፣ በእነዚያ ከተሞች የፈተና ውጤት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልመጣም። እውነተኛ ብር ያላደረገውን ነጥብ ያደርገዋል?

ልጆችን አታበረታቱ እያልኩ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ዴሲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 128 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ቃል የተገባበት ቁሳዊ ሽልማት ውስጣዊ ተነሳሽነትን፣ ማለትም ነገሩን ስለወደዱት ብቻ የመሥራት ፍላጎትን፣ እንደሚቀንስ አይተዋል። ጉዳቱ በልጆች ላይ ከኮሌጅ ተማሪዎች ይብሳል። የቃል አድናቆት ግን በጥቅሉ ሲታይ ተነሳሽነትን አይጎዳም። ልጅ ስላነበበው ነገር ጠይቁት፣ ቁጭ ብላችሁ ስሙት፣ የገረማችሁን ንገሩት። ይህ ወጪ የለውም፤ ጊዜ ግን ይወስዳል። ሰሌዳ መስቀል ይቀላል፤ ለዚህም ይመስለኛል የተመረጠው።

ሰሌዳው ከመሰቀሉ በፊት ይቅር። ለሽልማት የተመደበው ገንዘብ መጽሐፍ ይገዛበት፤ መጽሐፎቹንም ልጆቹ ራሳቸው ይምረጡ። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ያለ ጥያቄ፣ ያለ ፈተናና ያለ ነጥብ ያንብቡ። ደብሯቸው መሀል ላይ የተዉትን መጽሐፍ ጨርሱ ብሎ የሚያስገድዳቸውም አይኑር።