ዳኛ ወጪት ሰባሪ መሆን አለበት

እናቴ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዜጋ ከሆነች ጀምሮ አንድም ምርጫ አምልጧት አያውቅም። ባሎቱ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ማለት ነው፣ በፖስታ ይመጣላታል፣ ቡናዋን ጠጥታ ስትጨርስ መነጽሯን ታደርግና ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋዋለች። አንድ የፕራይመሪ (ፓርቲዎች እጩ የሚለዩበት ምርጫ) ጊዜ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እያነበብኩላት፣ ኮንግረሱን ሞላች፣ የትምህርት ቦርዱን ሞላች፣ ከዛ የሰርኪት ኮርት (ፍቺና ከባድ ጉዳዮች የሚታዩበት የስቴቱ ፍርድ ቤት) ዳኞች የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አቆመች። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» «ዳኞች ናቸው እማዬ» «ዳኛ ይመረጣል እንዴ?» አዎ አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «እና ማን ናቸው? ማን አመጣቸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ባዶውን ትታው አለፈች፣ እኔም ቤቴ ገብቼ የራሴን እንደዛው ባዶውን ላኩት።

ያቺ «ማን አመጣቸው» የምትለው ጥያቄ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ አልለቀቀችኝም፣ ምክንያቱም እኔ አንዳንዴ ለሰው ላስተረጉም ፍርድ ቤት እሄዳለሁ፣ ኮሪደር ላይ ተራ ስንጠብቅ ወገኖቼ በጆሮዬ የሚጠይቁኝ እሷኑ ነው። ከልጁ እናት ጋር ልጁን ማን ያሳድግ በሚል ክርክር ላይ የነበረ አንድ ሰውዬ እጁ እየተንቀጠቀጠ «የሷ ጠበቃ ዳኛውን ያውቀዋል ይላሉ፣ እውነት ነው?» ብሎኛል። ያኔ «ኧረ ይሄ አሜሪካ ነው» ብዬ አረጋጋሁት። ዛሬ እንደዛ ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ዳኛው ጉቦ ይበላል ማለቴ አይደለም፣ በፍጹም። እኔን የሚያሳስበኝ ጉቦ ሳይሆን ውለታ ነው።

ውለታን ለኛ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ልጅ ሆነን ጀምሮ ያደግነው የበላህበትን ወጪት አትስበር እየተባልን ነው፣ በችግርህ የደረሰልህን ሰው ስታገኘው ዓይኑን ማየት ያቅትሃል፣ ሳይጠይቅህ ታደርግለታለህ። ለጎረቤት ለዘመድ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ችሎት ላይ ሲቀመጥ ግን መርዝ ነው። ዳኛ ማለት ወንበሩ ላይ ያስቀመጠው ሰውዬ ፊቱ ቀርቦ ሲከራከር «ተሸንፈሃል፣ ክፈል» ማለት የሚችል ሰው ነው፣ ማለትም ወጪት ሰባሪ መሆን አለበት። አሁን የዳኛ ምርጫና ሹመት የሚካሄድበትን መንገድ ስታዩት ግን ሁሉም ነገር ዳኛውን ውለታ ያለበት ሰው ለማድረግ የተሰራ ነው የሚመስለው።

የዌስት ቨርጂኒያውን ታሪክ ልንገራችሁ፣ ከዚህ ከዲሲ አካባቢ በመኪና የሚደረስበት ስቴት ነው። ሂው ኬፐርተን የሚባል ሰው ትንሽ የድንጋይ ከሰል ድርጅት ነበረው። ማሲ የሚባለው ትልቁ የከሰል ካምፓኒ ስራዬን በማጭበርበር አወደመብኝ ብሎ ከሰሰና በ2002 ጁሪው 50 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት። ማሲ ይግባኝ ይላል፣ ይግባኙ ያኔ የሚሄደው ደግሞ ወደ ስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነበር፣ እዛ ዳኛ በምርጫ ነው የሚገባው። የማሲ አለቃ ዶን ብላንከንሺፕ ታዲያ በ2004ቱ ምርጫ ብሬንት ቤንጃሚን የሚባል ጠበቃን ለማስገባት ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ለሰውየው ካምፔን በቀጥታ የሰጠው 1,000 ዶላር ብቻ ነው፣ ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ ያ ስለነበር፣ ሌላው በሙሉ በጎን በኩል ነው የገባው፣ አብዛኛው «ለልጆቹ ሲባል» የሚል ስም ላለው ቡድን። ቡድኑም ወንበሩ ላይ የነበረውን ዳኛ ልጅ የደፈረን ሰው ለቀቀ እያለ በማስታወቂያ ደበደበው። ማስታወቂያው ስለ ከሰል አልነበረም።

ቤንጃሚን አሸንፎ ገባ። ኬፐርተን «ይነሱልኝ» ብሎ አመለከተ፣ አገራችን ፍርድ ቤት ዳኛ ይነሳልኝ እንደሚባለው ማለት ነው። ቤንጃሚን አልነሳም አለ። እንደገና ተጠየቀ፣ እንደገና አልነሳም። 3 ለ 2 ተፈረደና 50 ሚሊዮኑ ተሻረ፣ አንዷ ድምፅ የሱ ናት። እዛው ፍርድ ቤት ያለ ሌላ ዳኛ ደግሞ ከብላንከንሺፕ ጋር ሞናኮ ሲዝናና የተነሳው ፎቶ ወጣ፣ እሱስ ፎቶው ሲወጣበት ከጉዳዩ ራሱን አገለለ። በመጨረሻ በ2009 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 ሆኖ ቤንጃሚን መነሳት ነበረበት ብሎ ወሰነ። ልብ በሉ፣ ጉቦ ተበላ ብሎ የመሰከረ የለም፣ ፍርድ ቤቱ ያለው የገንዘቡ መጠንና ጊዜው ሲታይ ሚዛን የመዛባት አደጋው ከልክ ያለፈ ነው ነው። ይሄ እኮ በአማርኛ ውለታ የምንለው ነው! እና አራቱ ዳኞች ችግር የለውም ብለው ነበር፣ አንድ ድምፅ ብትገለበጥ ይሄ ሁሉ ሕጋዊ ሆኖ ይቀር ነበር። ኬፐርተንስ? ጉዳዩ ተመልሶ ሄዶ እንደገና ታየና እንደገና ተሸነፈ።

እኔን በጣም ያናደደኝ አንድ ነገር ነው፣ ይነሳ አይነሳ የሚለውን የወሰነው ራሱ ቤንጃሚን መሆኑ። ሰው ስለራሱ ውለታ እንዴት ራሱ ዳኛ ይሆናል? ውለታ ያለበት ሰው እኮ ውለታ እንዳለበት አይታየውም፣ ልቡ ነጻ ነኝ ነው የሚለው፣ ደግሞም ከልቡ ሊሆን ይችላል።

ዊስኮንሲንን ያየ ሰው ነገሩ እየባሰ እንጂ እየተሻለ እንዳልሄደ ይገባዋል። እዛ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ራሳቸው ባወጡት ደንብ የምርጫ መዋጮ ብቻውን ዳኛ አያስነሳም፣ በ2017 ሃምሳ አራት ጡረታ የወጡ ዳኞች ኧረ ይሄን አስተካክሉ ብለው ቢጠይቁ 5 ለ 2 እምቢ ተባሉ። ከዛ በ2025 ለአንዲት ወንበር፣ ለአንዲት የአስር ዓመት ወንበር፣ በሁለቱ ወገን ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ኢሎን መስክና ቡድኖቹ ብቻቸውን ከ20 ሚሊዮን በላይ አፈሰሱ፣ ግሪን ቤይ ላይ መድረክ ወጥቶ የሚሊዮን ዶላር ቼክ ለመራጮች ሰጠ። የሱ እጩ ብራድ ሺመል ተሸነፈ፣ ሱዛን ክሮፎርድ አሸነፈች፣ ብዙ ሰው ደስ አለው፣ ገንዘብ ተሸነፈ አለ። ግን በሷም በኩል የቢሊየነር ገንዘብ በዴሞክራቶች ፓርቲ በኩል አልፎ ገብቷል። የምትወዱት ወገን ሲሆን ውለታው ውለታ መሆኑ ይቀራል እንዴ? አይቀርም።

እሺ ምርጫው ይቅር፣ ይሾሙ የሚል ሰው አለ፣ እኔም ድሮ እንደዛ ነበር የምለው። ግን እኛ ከየት ነው የመጣነው? ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 81 ላይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንቱን የሚያቀርበው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፣ ፓርላማው ያጸድቃል፣ ፓርላማው ደግሞ የማን እንደነበር ሁላችን እናውቃለን። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በ1990ዎቹ፣ በኛ አቆጣጠር፣ በሙስና ተከሶ የታሰረውን የቀድሞ የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃን በዋስ ይውጣ ብላ ስታዝዝ ፖሊስ ወዲያው መልሶ ያዘው። ከዛ በሙስና የተከሰሰ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚል ሕግ ወጣ። እሷ ነች በዛን ቀን ወጪት ሰባሪ የሆነችው፣ ለዛ ነው ስሟን እስካሁን የምናነሳው፣ ግን ሥርዓቱ እንደሷ ያለውን ዳኛ አልፈለገውም።

እዚህም ሹመት ንጹህ አይደለም። ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ፌርፋክስ፣ ዳኛችሁን የሚመርጠው የስቴቱ ሕግ አውጪ ነው፣ እንደዛ የሚያደርጉት በአሜሪካ ቨርጂኒያና ሳውዝ ካሮላይና ብቻ ናቸው። በ2015 ሕግ አውጪው ዕረፍት ላይ ሳለ ዴሞክራቱ ገዥ ማኮሊፍ ጄን ሩሽን ወደ ስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሾማት፣ ከሃያ ዓመት በላይ ፌርፋክስ ላይ የፈረደች፣ ያንን በ2002 ሁላችንንም ያስጨነቀንን የስናይፐር ጉዳይ፣ ከሁለቱ ተኳሾች የአንዱን የማልቮን ችሎት የመራች ሴት ናት። ሕግ አውጪውን የያዙት ሪፐብሊካኖች ሳያማክረን ሾማት ብለው እምቢ አሉ፣ ለወራት ሲጓተት ቆይቶ በሷ ቦታ ሌላ ሰው አስገቡ። ስለ ፍርዷ ያነሱት ጥፋት አልነበረም፣ ፖለቲካ ነው። ዲሲ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፣ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚሽን ለፕሬዝዳንቱ ሦስት ስም ያቀርባል፣ አንዱን መርጦ ወደ ሴኔት ይልካል፣ ሲጸድቅ 15 ዓመት ይቀመጣል። ጥሩ ይመስላል፣ ብቻ የዲሲ ሕዝብ ሴኔት ውስጥ አንድም ድምፅ የለውም፣ ናይንዝ ስትሪት ላይ ሬስቶራንት ያለው ወንድማችን የሚዳኘው የሱን ድምፅ የማይፈልጉ የሌላ ስቴት ሰዎች ባጸደቁት ዳኛ ነው።

ስለዚህ ይመረጥ ወይስ ይሾም የሚለው ክርክር ለኔ ዋናው አይደለም። ዋናው የእናቴ ጥያቄ ነው፣ ማን አመጣው፣ ያመጣው ሰው ፊቱ ሲቆምስ ምን ይደረጋል።

የኛን የሜሪላንድን ልመለስበት። የሰርኪት ኮርት ዳኛን መጀመሪያ ገዥው ይሾመዋል፣ ከዛ ለ15 ዓመት ወንበር ምርጫ ይወርዳል፣ ማንኛውም መስፈርቱን የሚያሟላ ጠበቃ ሊገጥመው ይችላል። ፕራይመሪው ላይ ስማቸው በዴሞክራቱም በሪፐብሊካኑም ባሎት ላይ ይወጣል፣ የማን ፓርቲ እንደሆኑ አይጻፍም፣ ለዛ ነው እናቴ ግራ የገባት። ምርጫ ደግሞ ታፔላ፣ ፖስታ፣ ማስታወቂያ ይፈልጋል፣ ያ ገንዘብ ነው። ለዳኛ ምርጫ ገንዘብ የሚያዋጣ ደግሞ ማነው? እኔና እናንተ አይደለንም፣ ጠበቆች ናቸው፣ ነገ እዛው ችሎት የሚቆሙት ጠበቆች። ከፍተኛዎቹ የይግባኝ ዳኞች ግን እንደዚህ አይደሉም፣ ተፎካካሪ የላቸውም፣ ሕዝቡ ይቀጥል ወይ አይቀጥል ብቻ ነው የሚለው። ሰርኪት ኮርቱም እንደዛ ይሁን ነው የኔ ሐሳብ። እስከዛ ድረስ ደግሞ ለዳኛው ምርጫ ገንዘብ የሰጠ ጠበቃ ሲቀርብ ዳኛው ይህንን ለተቃራኒው ወገን ችሎት ላይ በግልጽ ይናገር፣ ከተወሰነ መጠን በላይ ከሆነ ይነሳ፣ ይነሳ አይነሳ የሚለውንም ሌላ ዳኛ ይወስን። ያ እጁ የሚንቀጠቀጠው ሰውዬ ይሄን ያህል መብት ሊኖረው ይገባል፣ በጓሮ ወሬ ሳይሆን ፊት ለፊት ተነግሮት ማወቅ።

እኛስ? አዲስ አበባ ስለሚሾም ዳኛ ፌስቡክ ላይ ሌሊቱን ሙሉ እንከራከራለን፣ ልጆቻችን ከማን ጋር ይደጉ ብሎ የሚወስነውን ዳኛ ግን ባዶ ትተን እናልፋለን። እኔ ከዚህ በኋላ አልተውም። ሜሪላንድ ውስጥ ለእጩ ማን ስንት እንደሰጠ በስቴቱ የምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፣ ስሙን መጻፍ ብቻ ነው። ጠበቃ የሆናችሁ ልጆቻችን ከምርጫው አንድ ወር በፊት አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ፣ ከጁምዓ በኋላም መስጊድ፣ እነዚህን ስሞች በአማርኛ አንብቡልን፣ ምን እንደሰሩ፣ ማን እንዳዋጣላቸው ብቻ ንገሩን፣ ማንን ምረጡ አትበሉን። እናቴን እኔ አመጣታለሁ።