ለላፕቶፕ ላብ ሃይፐር-ቪ ወይስ ቨርቹዋልቦክስ?

የክርክሩ ጭብጥ፦ ዊንዶውስ 11 ፕሮ የተጫነበት፣ 16 ጊጋባይት ራምና 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ አለ። በላዩ አንድ ዶሜይን ኮንትሮለር (የኔትወርኩን ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች በአንድ ቦታ የሚያስተዳድር ዊንዶውስ ሰርቨር)፣ በእሱ ሥር የሚተዳደር አንድ የዊንዶውስ 11 ክላይንትና ሁለት ሊኑክስ ሰርቨሮች ያሉት መለማመጃ ላብ በቨርቹዋል ማሽኖች (በሶፍትዌር በተፈጠሩ ኮምፒውተሮች) ሊቆም ነው። ማሽኖቹን ለማስኬድ የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ ይመረጥ ወይስ ቨርቹዋልቦክስ?

ለሃይፐር-ቪ የሚከራከር፦

ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ፕሮሰሰሩን ማን ይዞታል የሚለው ነው። ቪቲ-ኤክስም ሆነ ኤኤምዲ-ቪ (ቨርቹዋል ማሽንን የሚያግዙ የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ባህርያት) በአንድ ጊዜ የሚታዘዘው ለአንድ ሃይፐርቫይዘር (ቨርቹዋል ማሽኖችን ለሚያስኬድ ሶፍትዌር) ነው። ሜሞሪ ኢንተግሪቲና ክሬደንሻል ጋርድ (የዊንዶውስ መከላከያዎች)፣ እንዲሁም ደብሊውኤስኤል 2 (ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደው) የሚሠሩት በማይክሮሶፍቱ ሃይፐርቫይዘር ስለሆነ፣ ከነዚህ አንዱ እንኳ በርቶ ከሆነ ቦታው ተይዟል። ሲስተም ኢንፎርሜሽንን ከፍቶ የማጠቃለያ ገጹን ታች ማየት ነው፤ ሃይፐርቫይዘር መገኘቱን የሚናገር መስመር ካለ ነገሩ አልቋል።

በዚህ ሁኔታ ቨርቹዋልቦክስ አልጫንም አይልም። ፕሮሰሰሩን በቀጥታ ስለማያገኝ ግን በዊንዶውስ በኩል ዞሮ ይሠራል፤ በቨርቹዋል ማሽኑ መስኮት ግርጌም አረንጓዴ ኤሊ ትታያለች። ኤሊዋ ከታየች የዊንዶውስ ሰርቨር ጭነት ይጓተታል፣ አንዳንዱ ጌስትም (በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ የተጫነው ሲስተም) ሲነሳ ይንጠለጠላል። ጀማሪው ራም ያነሰው መስሎት ራም ሲጨምር ይውላል፤ ችግሩ ግን ራም አይደለም።

የራሙም ጉዳይ ቢሆን ለሃይፐር-ቪ ያደላል። ዶሜይን ኮንትሮለሩ በ2 ጊጋባይት፣ ክላይንቱ በ4፣ ሁለቱ ሊኑክሶች በ1 በ1 ቢነሱ ድምሩ 8 ጊጋባይት ነው። ዳይናሚክ ሜሞሪ (ለየማሽኑ ራምን እንደ ፍላጎቱ የሚያስተካክለው ቅንብር) ከበራ፣ ሥራ የፈታው ማሽን ከተነሳበት ወርዶ ትርፉን ለሆስቱ (ለላፕቶፑ ራሱ) ይመልሳል።

ለቨርቹዋልቦክስ የሚከራከር፦

ኤሊዋን ማባረር ይቻላል። በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ኮር አይሶሌሽን ሥር ሜሞሪ ኢንተግሪቲን ማጥፋት፤ ከዊንዶውስ ፊቸርስ ሃይፐር-ቪን፣ ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርምንና ዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርምን ምልክታቸውን ማንሳት፤ ከዚያ ሪስታርት። ደብሊውኤስኤልን ለሚፈልግ ደግሞ የቡት ዝርዝሩን ቀድቶ በአንደኛው ሃይፐርቫይዘሩ እንዳይነሳ ማድረግ ይበቃል። ላፕቶፑ ሲበራ የሚፈልገውን ይመርጣል።

ተከራካሪዬ ያለፉት ትልቁ ነገር ኔትወርክ ነው። ላብ ማለት ኔትወርክ ነው። ሃይፐር-ቪ አዘጋጅቶ የሚሰጠው፣ ማሽኖቹን ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ዲፎልት ስዊች፣ ሆስቱ ሪስታርት ሲደረግ የአድራሻ ክልሉን ሊቀይር ይችላል። ዶሜይን ኮንትሮለር ደግሞ ቋሚ አድራሻ ያስፈልገዋል። ትናንት የሠራው ላብ ዛሬ ጠዋት ዶሜይኑን አላገኘሁም ይላል፤ ምክንያቱም ማሽኑ ያለበት ክልል ከሥሩ ተነቅሏል።

በቨርቹዋልቦክስ ግን ናት ኔትወርክ የሚባለውን (ማሽኖቹ በአንድ ላይ ሆነው በሆስቱ በኩል ወደ ኢንተርኔት የሚወጡበትን) ከፍቶ ስምና ክልል መስጠት፣ አራቱንም ማሽኖች እዚያ ላይ ማስቀመጥ ነው። እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ኢንተርኔትም ያገኛሉ። ከዓለም የተቆረጠ ላብ ከተፈለገ ኢንተርናል ኔትወርክ መርጦ አንድ ስም መስጠት ብቻ በቂ ነው።

ለሃይፐር-ቪ የሚከራከር፦

የቨርቹዋልቦክስን ወጥመድ ሳይጠቅሱ አለፉ። አዲስ ማሽን ሲፈጠር የሚሰጠው ናት ኔትወርክ ሳይሆን ተራው ናት ነው። በተራው ናት እያንዳንዱ ማሽን ለብቻው ታጥሮ ይቀመጣል፤ አራቱም 10.0.2.15 የሚል አንድ ዓይነት አድራሻ ይዘው ፒንግ ሲከለከሉ ሰው ፋየርዎል ነው ብሎ ይደክማል። ናት ኔትወርክ ሲመረጥም የራሱ ዲኤችሲፒ (ለማሽኖች አድራሻ የሚያድል አገልግሎት) በርቶ ስለሚመጣ፣ ዶሜይን ኮንትሮለሩ አድራሻ እንዲያድል ከተፈለገ ያንን ማጥፋት ግድ ነው። ካልጠፋ ክላይንቱ ቀድሞ ከመለሰለት ይወስዳል፤ የተሳሳተ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉም አገልግሎት) ይዞም ዶሜይን አልቀላቀልም ይላል።

ስለ ዲፎልት ስዊች የተናገሩት እውነት ነው፤ ለላብ አይሆንም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ኢንተርናል ስዊች መፍጠር፣ በሆስቱ በኩል ለሚወጣው ካርድ 192.168.100.1 መስጠት፣ በፓወርሼል ለ192.168.100.0/24 የናት ሕግ ማቆም። ዲኤችሲፒ አብሮ አይመጣም፤ ይህ ለዶሜይን ላብ ጥቅም እንጂ ጉድለት አይደለም። ዶሜይን ኮንትሮለሩ 192.168.100.10 ይዞ ያድላል፣ የክላይንቱም ዲኤንኤስ ወደ እሱ ብቻ ይጠቁማል።

የሜሞሪ ኢንተግሪቲው ምክር ግን ያሳስበኛል። ያ ላፕቶፕ ላብ ብቻ አይደለም፤ ኢሜይል የሚከፈትበት፣ የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ማሽን ነው። ለልምምድ ተብሎ የከርነሉን መከላከያ ማውረድ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ቅንብሩ በፖሊሲ የተቆለፈ ሊሆን ስለሚችል ማጥፋቱም ላይሳካ ይችላል።

ለቨርቹዋልቦክስ የሚከራከር፦

በፖሊሲ የተቆለፈ ላፕቶፕ ላይ ሃይፐር-ቪ ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ላብ ከላፕቶፕ ላፕቶፕ የሚሄድ ነገር ነው። ዊንዶውስ 11 ሆም ላይ ሃይፐር-ቪ ማኔጀር የለም። ቨርቹዋልቦክስ ግን በሆምም፣ በሊኑክስም፣ በማክ ኮምፒውተርም ይጫናል። ማሽኑን በኦቪኤ ፋይል አውጥቶ ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል፤ ተቀባዩ የኔትወርክ ካርዶቹን ማክ አድራሻ (የካርዱን መለያ ቁጥር) አዲስ አድርጎ ያስገባዋል። ዩኤስቢም አለ። ፍላሽ ወይም ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ገመድ ለጌስቱ በቀጥታ ይሰጣል፤ የላፕቶፑ ሃይፐር-ቪ ይህ የለውም። ራውተር በሲሪያል ማዋቀር የሚለማመድ ሰው በዚህ ብቻ ምርጫው ይለያል።

የፈቃዱን ጉዳይም ልብ ይበሉ። የቨርቹዋልቦክስ ዋናው ፓኬጅ ነፃና ክፍት ሲሆን፣ ለብቻው የሚወርደው ተጨማሪ፣ ኤክስቴንሽን ፓኩ፣ ግን በነፃ የሚፈቀደው ለግልና ለትምህርት ነው። ከቨርቹዋልቦክስ 7.0 ወዲህ ዩኤስቢ 2 እና 3 በዋናው ፓኬጅ ስላሉ ለዚህ ላብ ኤክስቴንሽን ፓኩን ማውረድ አያስፈልግም።

ለሃይፐር-ቪ የሚከራከር፦

ሲሪያል ገመድ ለሚያስፈልገው ቨርቹዋልቦክስ ይሁንለት። በጭብጡ ያለው ግን የዶሜይን ላብ ነው፤ ይህ ላብ የሚፈርሰው ደግሞ በየትኛውም ሶፍትዌር ቢሠራ በዲስክ አያያዝ ነው።

ዊንዶውስ ሰርቨርን አንዴ ጭኖ፣ ሲስፕረፕን (የማሽኑን ልዩ መለያዎች የሚያጸዳውን የዊንዶውስ መሣሪያ) በጀነራላይዝ አስኬዶ ማሽኑን መዝጋት፣ ዲስኩን ንባብ ብቻ ማድረግ፣ ከዚያ ይህን ወላጅ አድርጎ ለየማሽኑ ልጅ የሚሆን ዲፈረንሲንግ ዲስክ መፍጠር። ልጆቹ ልዩነቱን ብቻ ስለሚይዙ ብዙ ቦታ ይተርፋል። ወላጁ ዲስክ ከተነካ ግን ልጆቹ ሁሉ ይበላሻሉ። ሲስፕረፕ ከተዘለለ ደግሞ ከዚያ ዲስክ የሚፈጠሩ ሁለት የዊንዶውስ ሰርቨሮች አንድ ዓይነት ኤስአይዲ (የዊንዶውስ ደህንነት መለያ) ይይዛሉ፤ አንዱ ዶሜይን ኮንትሮለር ሲሆን ሌላው መቀላቀል አይችልም፣ መልእክቱም ኤስአይዲው ከዶሜይኑ ጋር አንድ ነው ይላል። ሊኑክሱም የራሱ አለው፦ ኡቡንቱ ሰርቨር (አንድ የሊኑክስ ዓይነት) ተቀድቶ ማሽን-አይዲው (የሲስተሙ መለያ) ካልታደሰ፣ ማክ አድራሻቸው ቢለያይም ሁለቱ ከዲኤችሲፒ አንድ አድራሻ ሊያገኙ ይችላሉ።

ለቨርቹዋልቦክስ የሚከራከር፦

ይህ ሁሉ በቨርቹዋልቦክሱ ሊንክድ ክሎንም (ከወላጅ ዲስክ ጋር በተያያዘ ቅጂ) ያው ነው፤ ስለዚህ ለሃይፐር-ቪ ነጥብ አይሆንም። ስናፕሾት (ማሽኑን ኋላ ለመመለስ የሚቀመጥ ቅጽበታዊ ሁኔታ) ላይ ያለውን ግን ልጨምር። ክላይንቱ የማሽን አካውንቱን የይለፍ ቃል በነባሪ በየ30 ቀኑ ይቀይራል። ክላይንቱ ብቻ ወደ አሮጌ ስናፕሾት ከተመለሰ፣ የያዘው የይለፍ ቃል ከዶሜይን ኮንትሮለሩ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ያኔ ዶሜይኑ ክላይንቱን አያምነውም፣ የትረስት ስህተት ይመጣል። ስለዚህ አራቱንም ማሽኖች አጥፍቶ፣ በአንድ ስም አብሮ ስናፕሾት ማንሳት፤ ሲመለስም አራቱንም አብሮ መመለስ።

ለሃይፐር-ቪ የሚከራከር፦

በዚህ እንስማማለን። አንድ ነገር ብቻ፦ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ከአንድ በላይ ከሆነና አንዱ ብቻ ከተመለሰ፣ ሃይፐር-ቪ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጀምሮ ለጌስቱ በሚያሳየው የጄነሬሽን መለያ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የዶሜይኑ መዝገብ) መመለሱን ያውቃል፣ ሬፕሊኬሽኑንም (በዶሜይን ኮንትሮለሮቹ መካከል ያለውን መረጃ መቀባበል) ይጠብቃል። ሁለተኛ ዶሜይን ኮንትሮለር ሊጨምር ላሰበ ሰው ይህ ከሲሪያል ገመዱ ይበልጣል።