ማስተካከያ፦ «ሳድጋቲ» የቤንጋሊ ፊልም አይደለም

ባለፈው ስለ ቤንጋሊ ሲኒማ (በሕንድ በቤንጋሊ ቋንቋ ስለሚሠሩ ፊልሞች) እና ስለ ካስት፣ ማለትም በትውልድ ስለሚወረስ የማኅበረሰብ መደብ መድልዎ ስጽፍ የዳይሬክተሩን የሳትያጂት ራይን «ሳድጋቲ» (1981 እ.ኤ.አ.) የቤንጋሊ ፊልም ብዬው ነበር። ተሳስቻለሁ። ዳይሬክተሩ ቤንጋሊ ነው፤ ፊልሙ ግን በሂንዲ ቋንቋ፣ ለሕንድ መንግሥት ቴሌቪዥን ለዱርዳርሻን የተሠራ ነው። ታሪኩም የሂንዲው ደራሲ የፕሬምቻንድ ነው። ፊልሙንና የታተመ የዳይሬክተሩን የሥራ ዝርዝር መልሼ አይቻለሁ።

በፊልሙ ውስጥ ከዝቅተኛ ካስት የሆነው ቆዳ ፋቂው ዱኪ እንጨት ሲፈልጥ ወድቆ መሞቱ፣ ሥራውን ያዘዘው ብራህሚንም (ከፍተኛው፣ የካህናት ካስት አባል) አስከሬኑን ላለመንካት በገመድ መጎተቱ ግን እንደጻፍኩት ነው።

«የቤንጋሊ ሲኒማ ጉዳዩን ፊት ለፊት ተናግሮታል» ያልኩት በዚሁ ፊልም ላይ ብቻ የቆመ ስለነበር ሰርዤዋለሁ። በቤንጋሊ ፊልሞች ካስት ብዙውን ጊዜ ስሙ ሳይጠራ ያልፋል፤ የገጸ ባሕርዩ የቤተሰብ ስም ሙከርጂ ወይም ቻተርጂ ከሆነ ግን ብራህሚንነቱን የአገሩ ተመልካች ወዲያው ያውቀዋል።