ድሬ ላይ የምንከራየው ግቢውን ነው

ግንቦት ላይ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ግቢያችን ውስጥ ፍራሽ ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ይሰማል። ቀድመው የሚያወጡት ወንደላጤዎቹ ናቸው፤ ቦታቸው የውጪው በር ጋ ነው። ቧንቧው አጠገብ ያለው ቦታ የአንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ነው፤ ለሱብሒ ሶላት ሲነሱ ማንንም ሳይረግጡ ውሃው ጋ እንዲደርሱ። ግድግዳው ሥር፣ የአጎበር ገመድ የታሰረበት፣ የእኔና የባለቤቴ ነው። ይህን ቦታ የደለደለ ሰው የለም፤ የሚሳሳትም የለም።

ድሬዳዋን የማያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ቤት የሌለን ሊመስለው ይችላል። ቤት አለን። ሦስት በአራት የሆነች የብሎኬት ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ኮርኒስ የሌላት። ቀን ሙሉ የጠጣችውን ፀሐይ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ትተፋዋለች። ቬንትሌተር ቢከፈት የሚያሽከረክረው ያንኑ ሙቀት ነው። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ሐረሬ ብርድ ልብሱን ስቦ ይተኛል፤ እኛ አንሶላ ውሃ ነክረን እንጨምቃለን። ስለዚህ ክፍሏ ልብስ መቀየሪያና ዕቃ ማስቀመጫ ናት። የምንኖረው ግቢው ውስጥ ነው፤ ምግብ የሚበስለው፣ ልብስ የሚታጠበው፣ ቀትር ላይ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ሲያርፍ ጥላ እየተከተልን የምንጋደመው እዚያ ነው።

አምና ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት አይሱዙ ብሎኬት አራግፎ ሄደ። አከራያችን ሐጂ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ግቢውን በእግራቸው ይለካሉ።

«ሐጂ፣ ምን ሊሠሩ ነው?» አልኳቸው።

«አንድ ክፍል ጣል ላድርግበት ብዬ ነው። አብሽሩ፣ እናንተን አይነካችሁም።»

እውነታቸውን ነው፣ አልነካንም። ክፍላችን አንድ ሴንቲ አልቀነሰም፤ በወር የምንከፍለው 3,000 ብርም እዚያው ላይ ነው። ግቢው ግን ዘጠኝ ርምጃ የነበረው አራት ሆነ። ስድስት የነበረው በር ሰባት ሆነ። ባለፈው ግንቦት ታዲያ ፍራሽ ማውጣት ተራ የሚያዝበት ነገር ሆኖ አረፈው።

እኔ ይህን የኪራይ ጭማሪ እለዋለሁ። በዚያው ብር ያነሰ ነገር ከሰጡኝ ጨምረውብኛል። ዳቦ ቤቱ ዋጋውን ሳይነካ ዳቦውን ሲያሳንስ ምን እንደተደረግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለግቢ ሲሆን ግን አይታየንም።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲወጣ ከተደሰቱት አንዱ ነበርኩ፤ አሁንም ቅሬታዬ አዋጁ ለምን ወጣ የሚል አይደለም። ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን በዓመት አንዴ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ከዚያ በፊት «በሚቀጥለው ወር 500 ጨምር ወይ ልቀቅ» ተብሎ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ለዞረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እኔና ሐጂ የፈረምንበት ወረቀት «አንድ ክፍል ቤት» ይላል፤ በቃ። የምተኛበት ቦታ ውሉ ውስጥ የለም። ብሩን መጨመር ያልቻለ አከራይ ግቢውን መሙላት ይችላል፤ ውላችንን ሳያፈርስ፣ ከማንም ሳይጣላ።

ሐጂን ክፉ ማድረግ አልፈልግም። ጡረታ የላቸውም፤ ያላቸው ይህ ግቢ ነው። «አቦ፣ ሲሚንቶ ስንት እንደገባ አታውቅም?» ሲሉኝ የምመልሰው የለኝም። ደግሞ ግቢ የሚጠበው በኪራይ ብቻ አይደለም። የቀበሌ ቤቶቹን ተመልከቱ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ልጅ ተወልዶ፣ አግብቶ፣ እናቱ በር ላይ በቆርቆሮ አንዲት ክፍል ቀጥሎ ቀርቷል። መሄጃ የሌለው ሰው ግቢውን ይበላዋል። በዚህ የሚፈረድበት የለም።

ጥበቱ ግን ቦታ ወስዶ ብቻ አያበቃም። ግቢው አንድ ቆጣሪ ነው ያለው። የመብራት ታሪፍ የተሠራው ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ እንዲል ተደርጎ ነው፤ ሐሳቡ ትንሽ የሚጠቀም ድሃ በርካሽ እንዲያገኝ ነው። ሰባት በር አንድ ቆጣሪ ላይ ሲንጠለጠል ግን በቆጣሪው ዓይን ሰባት ድሃ የለም፤ አንድ ትልቅ ቪላ ነው ያለው። አንድ አምፖልና አንድ ቬንትሌተር ያላት ሴትዮ በሀብታም ዋጋ ትከፍላለች። በእኛ ግቢ ሒሳቡ የሚከፋፈለው በግምት ነው፤ ቬንትሌተር ያለው በወር 200፣ ፍሪጅ ያለው 300። መብራት ግማሹን ወር ቢጠፋም 200ው አይጠፋም።

ውሃም እንደዚሁ። ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ እያንዳንዱ በር የራሱ በርሜል አለው፤ አዲስ በር ማለት አዲስ በርሜል ማለት ነው። (የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ እንደሚጋግር ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ ያም ሆኖ እንደ ወርቅ እናጠራቅመዋለን።) በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ከተማውን ሲያጥለቀልቀው መገጣጠሚያውን የያዘው ሰው ግድግዳ እየተደገፈ ሽንት ቤት ሲሄድ አይተናል። በ2014 ደግሞ ወባ ተነሳ፤ ባለሙያዎች ከወረርሽኙ ጋር ያያያዙት አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችውን፣ እንደ ሌላዋ የወባ ትንኝ የገጠር ረግረግ የማትጠብቀውን፣ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባውን ትንኝ ነው። የቺኩንጉንያዋም ትንኝ የምትፈለፈለው ክዳን በሌለው በርሜልና ጀሪካን ውስጥ ነው። በጠባብ ግቢ በርሜሉና ፍራሹ ጎን ለጎን ናቸው። አጎበር ለመወጠር እንኳ አራት ማዕዘን ያስፈልጋል፤ አሁን የእኛ አጎበር አንዱ ጫፍ የሚታሰረው የአዲሱ ክፍል መስኮት ብረት ላይ ነው፤ ሰዎቹ መስኮቱን ሊዘጉ ሲሉ እንነሳለን።

የሚያናድደኝ ይህች ከተማ ከሙቀት ጋር መኖር የምታውቅ ከተማ መሆኗ ነው። ባቡሩ በ1895 እዚህ ሲደርስ፣ የሐረርን ዳገት ትቶ ሜዳው ላይ ሲቆም፣ ከዚራ የተባለውን ሰፈር የሠሩት ሰዎች መንገዱን ቀጥ አድርገው ዛፍ ተከሉበት፤ ለሠራተኛው ሰፊ በረንዳና ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው ቤት ሠሩ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ ሰፈር ላይ ነጋዴዎቹ በራሳቸው መንገድ፣ ወፍራም ግንብ አቁመው መሀሉን ለግቢ ተዉት። ሁለቱ በምንም የማይስማሙ ሰፈሮች በአንድ ነገር ተስማምተው ነበር፤ ለነፋስ ቦታ መተው እንዳለበት። የእኛ ብሎኬትና ቆርቆሮ ከሁለቱም አልተማረም። የደጋ ቤት ነው ቆላ ላይ የተተከለው።

«ታዲያ አዲሱን ክፍል የተከራዩት ባልና ሚስት የት ይግቡ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። ቦታ ያጣ ሰው የት እንደሚሄድ አይተናል፤ ሐምሌ 29 ቀን 1998 ሌሊት ደቻቱ ሲሞላ ከ250 በላይ ሰው ሞቷል፤ ጎርፉ መጀመሪያ ያገኘው አሸዋው ዳር የተጠጋውን ነበር። ግቢ እንዳይሠራበት ይከልከል ብል እነዚያን ልጆች ወደዚያ አሸዋ መስደድ ነው። አልልም።

የምለው ይቆጠር ነው። ውል ሲመዘገብ ከክፍሉ ጋር ግቢውም ይጻፍ፤ ስንት በር እንዳለው፣ ሽንት ቤቱ ለስንት ሰው እንደሆነ፣ ቆጣሪው ስንት ቤት እንደያዘ፣ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንዳለ። በውሉ ዘመን አከራዩ ያንን ቦታ ከሠራበት ኪራዩ ዝቅ ይበል። መብራትም ቢሆን ለየበሩ ቆጣሪ ማስገባት ካልተቻለ ቢያንስ ታሪፉ በበር ይካፈል። ሌላም አለ፦ ሐጂ አዲሱን ክፍል በቆርቆሮ ፋንታ ሶሌታ (ሰው የሚቆምበት የኮንክሪት ጣሪያ) ቢያለብሱትና የብረት መሰላል ቢያቆሙለት ኖሮ፣ ከመሬት የወሰዱትን ጣሪያው ላይ ይመልሱልን ነበር። ስሚንቶና ፌሮ ውድ ስለሆነ አላደረጉትም። ከተማው እንዲህ ለሚሠራ ሰው የግንባታ ፈቃዱን ቢያቀልለት፣ ክፍያውንም ቢምረው ምን ይጎዳል? እኔ በበኩሌ ለመሰላሉ ከኪሴ አዋጣለሁ፤ ወንደላጤዎቹም እሺ ብለዋል።

ውላችን የሚያልቀው በነሐሴ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐጂን ቤታቸው በር ላይ አግኝቼ፣ በሚቀጥለው ውል ላይ ግቢውም ይጻፍልኝ አልኳቸው። ሳቁ።

«በምን ልለካልህ? በሜትር ነው በርምጃ?»

«በፍራሽ» አልኳቸው።

ሳቃቸውን አቁመው ወደ ግቢው ዞር አሉና በጣታቸው ከቧንቧው ጀምረው ቆጠሩ። አራት ይይዛል። በሮቹ ሰባት ናቸው።