ዲጂታል ቀረጻ ድምፅን «እየቆረጠ ይጥላል» ስለሚባለው እርማት

የቆየ የቴፕ ማሽንና ኮምፒውተር አጣምሮ ስለሚሠራው የድሬዳዋ ስቱዲዮ እርስዎ በሰጡት አስተያየት፣ ቴፕ ድምፅን ሙሉ በሙሉ እንደሚይዝ፣ ኮምፒውተር ግን በናሙናዎች (በየሰከንዱ ብዙ ሺህ ጊዜ በሚወስዳቸው የድምፅ ልኬቶች) መካከል ያለውን ድምፅ እንደሚጥል ገልጸዋል። አባባሉ ከከዚራ ሰፈር እስከ መጋላ ሰፈር በሙዚቀኞች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም።

አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ በሰከንድ የሚወሰደው የናሙና ብዛት ከድምፁ ከፍተኛ ድግግሞሽ (ሞገዱ በሰከንድ ከሚርገበገብበት ብዛት) ከእጥፍ በላይ እስከሆነ ድረስ፣ ዋናው ሞገድ ከናሙናዎቹ መልሶ ሊገነባ ይችላል። የሰው ጆሮ ከ20,000 ኸርዝ በላይ ስለማይሰማ ለሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና ተመርጧል። በስክሪን ላይ የሚታየው ደረጃ መሰል መስመር የሥዕሉ ነው፤ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚወጣው ሞገድ ግን ለስላሳ ነው። ድምፅን ወደ ዲጂታልና መልሰው የሚለውጡት የመጀመሪያዎቹ መቀየሪያዎች ማጣሪያ ደካማ ስለነበር ቅሬታው መነሻ አልነበረውም ማለት አይቻልም።

ድምፁን የሚለውጠው በአመዛኙ ቴፑ ነው። የራሱን ሽሽታ ይጨምራል፤ የማሽከርከሪያው ፍጥነት ሲዋዥቅ የድምፁ ከፍታ አብሮ ይዋዥቃል፤ ከአቅሙ በላይ ሲቀረጽበት ደግሞ የሞገዱን ጫፍ ጨፍልቆ ተጨማሪ ሃርሞኒክ (ከዋናው ድምፅ ጋር አብሮ የሚሰማ ከፍ ያለ ድምፅ) ይፈጥራል። «ሙቀት» ብለን የምናደንቀው በዋናነት ይህንኑ መዛባት ሲሆን፣ በቤዝና በከበሮ ላይ እኔም እወደዋለሁ። ስቱዲዮው ከበሮውን በቴፕ አሳልፎ ወደ ኮምፒውተር ማስገባቱም ትርጉም የሚኖረው፣ ኮምፒውተሩ ያንን ለውጥ ሳይጥል ስለሚይዝለት ነው። በስልክዎ የሚያዳምጧቸው የድሮ የካሴት ዘፈኖችም ወደ ዲጂታል ተገልብጠው ሙቀታቸው አልጠፋም።