ትንሹ ትልቁን የሚጥልበት

ነገሩን ያስነሱት ሁለት ልጆች ናቸው። እሁድ ጠዋት ነው፤ ደሴ፣ ፒያሳ። የጦሳ ጉም ገና አልተገፈፈም። እንደ ልማዳችን ጀበና ቡና ጋ በርጩማ ላይ ተኮራምተን አቦሉን እንጠብቃለን። ፊት ለፊታችን ሁለቱ ልጆች ትግል ገጠሙ። አንደኛው የሌላኛውን እጥፍ ያክላል። ትልቁ የትንሹን አንገት ይዞ ወደ ራሱ ይጎትታል፣ ትንሹ ወደ ኋላ ይሸሻል። ድንገት ትንሹ መሸሹን ተወና ወደተጎተተበት ገባ። ትልቁ በገዛ ጉልበቱ ተንገዳገደ። ያኔ እግሩን ጠለፈው። ትልቁ በጀርባው ዘጭ!

ባጃጅ ነጂው ወዳጃችን አጨበጨበ። «ጁዶ ማለት ይሄ ነው ወላሂ! በኋላ ሚዛን አምጥተው፣ ሰውን በኪሎ ከፋፍለው አበላሹት እንጂ።»

ይሄ ሰው ተራ ሲጠብቅ ስልኩ ላይ የድሮ ግጥሚያ ሲያይ ነው የሚውለው። ዝም ብሎ አያወራም። አጠገቡ የተቀመጠው የስፖርት መምህር ግን ሰምቶ የሚያልፍ ዓይነት አይደለም።

«ሚዛን ምን አደረገህ?»

«አውሮፓውያን ከጦርነቱ በኋላ፣ 1951 ፓሪስ ላይ ሻምፒዮናቸውን ሲጀምሩ ማን ሚዛን ላይ ወጣ? በዳን ነበር የሚከፋፈሉት። አንደኛ ዳን ከአንደኛ ዳን፣ ሁለተኛ ዳን ከሁለተኛ ዳን። ከዚያ ደግሞ ሁሉም የሚገባበት ክፍት ግጥሚያ። ችሎታ ከችሎታ!»

(ዳን ማለት ጥቁር ቀበቶ ላይ ከተደረሰ በኋላ ያለው ማዕረግ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ቀጠለ። የጁዶ አባት ጂጎሮ ካኖ 1882 ቶኪዮ ውስጥ ኮዶካን የሚባለውን የጁዶ ትምህርት ቤቱን ሲከፍት ራሱ አጭር፣ ቀጭን ሰው ነበር አለ። የፈለገውም ጉልበተኛን በጉልበቱ የሚጥል ዘዴ ነው። ጁዶ የሚለው ስምም «ለስላሳው መንገድ» ማለት ነው። ለስላሳ ነገር በኪሎ ይሸጣል እንዴ?

መምህሩ ሳቀ። «ጨረስክ? እንግዲያው አንቶን ጌሲንክን ንገረና።»

ባጃጅ ነጂው ፊቱን አጠቆረ። ያውቀዋላ።

ጌሲንክ የዩትሬክት ሰው ነው፤ ሆላንዳዊ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ሁለት ሳንቲም ነው የሚቀረው። ከ1952 ጀምሮ የአውሮፓን ሻምፒዮንነት ደጋግሞ ወሰደ። 1961 ፓሪስ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያ በፊት ጃፓናዊ ያልሆነ ሰው ያንን አላየውም። የዓለም ሻምፒዮናው እስከዚያ ድረስ ሚዛን የሚባል ነገር አልነበረውም፤ አንድ ግጥሚያ፣ ለሁሉም። 1964 ጁዶ ቶኪዮ ላይ ኦሊምፒክ ሲገባ ግን ሦስት የክብደት ምድብ ወጣለት፤ እስከ 68፣ እስከ 80 እና ከ80 ኪሎ በላይ። አራተኛው ክፍት ነበር። ጃፓኖች ሦስቱን ወሰዱ። ክፍቱን፣ ማለትም እነሱ ዋናው ነው የሚሉትን፣ ጌሲንክ ወሰደባቸው። አኪዮ ካሚናጋን ምንጣፉ ላይ አጋድሞ ያዘው፤ መነሳት አልቻለም። ሆላንዳውያን ደጋፊዎች በደስታ ምንጣፉ ላይ ሊወጡ ሲሮጡ፣ ጌሲንክ እጁን ዘርግቶ አቆማቸው። የተሸነፈው ሰው ገና እዚያው ነበራ።

«ገባህ?» አለ መምህሩ። «ትልቁ ሰውዬ ተማረ። ትንሹ የሚያውቀውን ሁሉ አወቀ። ከዚያ በኋላ ምን ቀረ? ኪሎ!»

ይህን ጊዜ ባንክ የምትሠራዋ ጓደኛችን ስኒዋን አስቀመጠች። «እናንተ ስለ ኪሎ ትጣላላችሁ። ሴቶቹ ጭራሽ በሩ ላይ አልነበሩም።»

እውነቷን ነው። የአውሮፓ ሴቶች ሻምፒዮና የመጣው 1975 ሙኒክ ላይ ነው፤ ከወንዶቹ 24 ዓመት ዘግይቶ። ከዚያ ስለ ረስቲ ካኖኮጊ ነገረችን። ይቺ አሜሪካዊት 1959 ኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ውስጥ ወንድ መስላ ውድድር ገባች። አሸነፈች። ሴት ነሽ ወይ ብለው ጠየቋት፤ ነኝ አለች፤ ሜዳሊያውን መለሰች። 1980 የመጀመሪያው የሴቶች ዓለም ሻምፒዮና ኒውዮርክ ላይ ሲደረግ ከፊት ሆና የገፋችው እሷ ናት። ኦሊምፒክ ደግሞ ሴቶችን ሜዳሊያ ለመስጠት እስከ 1992 አስጠበቀ።

«መዋሸት ትችል ነበር እኮ» አለ ባጃጅ ነጂው በመገረም። ለጊዜው ሚዛኑን ረሳው።

ቶናው ሲቀዳ ወሬው ወደኛ አህጉር ዞረ። የአፍሪካ ሻምፒዮና የሰሜኖቹ ሰፈር ጨዋታ ነው አለ አንዱ። 2022 ኦራን፣ 2023 ካዛብላንካ፣ 2024 ካይሮ። መምህሩ 2020 አንታናናሪቮ፣ 2021 ዳካር ብሎ ያዘው። «ደሴስ መቼ ነው?» የሚል ቀልድ መጣ፤ መልስ የሰጠ የለም።

ከአፍሪካ ግን ሁላችንንም ያፋጀን ግብፃዊው መሐመድ ረሽዋን ነው። 1984 ሎስ አንጀለስ፣ የክፍት ምድብ ፍጻሜ። ተጋጣሚው ጃፓናዊው ያሱሂሮ ያማሺታ፣ ከዚያ በፊት በነበረ ግጥሚያ ቀኝ ባቱ ተጎድቶ እያነከሰ ወጣ። ረሽዋን ያንን እግር አላጠቃሁም አለ። ተሸነፈ፤ ብር አገኘ። በኋላም የስፖርታዊ ጨዋነት ሽልማት ተሰጠው።

«ሞኝ ነው» አለ ባጃጅ ነጂው። «ወርቅ እጁ ላይ ነበር።»

ቡና የምታፈላልን እናታችን ከሰሉን እያራገበች ቀና አለች። «ምነው ልጄ! ያነከሰን ሰው በሚያነክስበት እግሩ ትጥላለህ?»

«እማ፣ ኦሊምፒክ እኮ ነው።»

«ይሁና!» አለችና ወደ ከሰሏ ተመለሰች። እሱም አንገቱን ደፋ።

ያ ግጥሚያ የኦሊምፒክ የመጨረሻው ክፍት ፍጻሜ ነበር። 1988 ላይ ምድቡ ቀረ። ዛሬ ወንዶች ሰባት፣ ሴቶች ሰባት ምድብ አላቸው፤ ክፍት የለም።

እኔ በክርክሩ መሃል ዝም ብዬ ነበር። ለእኔ መምህሩ አሸንፏል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። በዳን መከፋፈል የሚያዋጣው ዕውቀቱ በጥቂት ሰው እጅ እያለ ነው። አውሮፓውያን በየዓመቱ እየተገናኙ ሲጣጣሉ ዕውቀቱ ለሁሉም ደረሰ፤ ለግዙፎቹም ጭምር። የድሮውን ሥርዓት ያፈረሰው ሚዛን ሳይሆን ሻምፒዮናው ራሱ ነው። ሚዛኑ የመጣው ከፈረሰ በኋላ ነው። የ60 ኪሎ ልጅ ከ120 ኪሎ ሰው ጋር ገጥሞ ሜዳሊያ ይጠብቅ ማለት ግፍ ነው።

ክፍቱን ምድብ ማስቀረታቸው ግን አይዋጥልኝም። አንድ ቀን፣ በየአህጉሩ፣ የፈለገ ይግባ። አዎ፣ 2017 ማራካሽ ላይ የዓለም ክፍት ሻምፒዮና ሲደረግ ወርቁን የወሰደው ፈረንሳዊው ቴዲ ሪነር ነው፤ ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም ሰው። መምህሩ ይህን ሲያነሳ ባጃጅ ነጂው መልስ አጣ። እኔ ግን ለእሱ አንድ ነገር አለኝ። 1990 ሚዛን በማይጠየቅበት የመላው ጃፓን ሻምፒዮና ላይ ቶሺሂኮ ኮጋ የሚባል 80 ኪሎ የማይሞላ ሰው ግዙፎቹን እያለፈ ፍጻሜ ደርሷል። እዚያ ናኦያ ኦጋዋ ጠበቀው፤ ወደ 130 ኪሎ የሚጠጋ። ኮጋ ተሸነፈ። ግን ከሰባት ደቂቃ በላይ ቆመበት።

ቪዲዮውን ነገ ባጃጁ ውስጥ አሳየዋለሁ። ቡናውን ዛሬ የከፈለው እሱ ነው።